ከኬሻው እፍኝ ጤፍ፦ የኢንተርኔት ቁጥር ይታመናል ወይ?

አወያይ፦ ባለፈው ሳምንት እዚህ መድረክ ላይ አንድ ምስል ተለጥፎ ነበር። በቀይ መደብ ላይ «በኢትዮጵያ ከ100 ልጃገረዶች 65ቱ ይገረዛሉ» ይላል። ዓመት የለው፣ ማን እንዳጠናው አይናገር። ግማሹ ሰው «ኀፍረታችን ነው» አለ፤ ግማሹ «የፈረንጅ ስም ማጥፋት ነው» ብሎ ተነሣ። ምንጩን የፈለገ ግን አንድም ሰው አላየሁም። የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው፦ በማኅበራዊ ጉዳይ ስንከራከር ከኢንተርኔት የምናመጣውን ቁጥር እንመን ወይስ አንመን? የእኔን አቋም ላስቀድም፦ ቁጥሩ እውነት ነው፣ ምስሉ ግን ዋሽቷል።

የሕግ ተማሪ፦ እስማማለሁ። ቁጥሩ የመጣው የያኔው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ በ2008 ዓ.ም. ካካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። 15,683 ሴቶች ተጠይቀዋል። 65 በመቶ የተባለው ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉት ሁሉ ተደምረው ነው፤ የልጅ ልጅ ያዩ ሴቶች ሳይቀሩ አሉበት። ከ45 እስከ 49 ዓመት ካሉት 75 በመቶ ተገርዘዋል፤ ከ15 እስከ 19 ካሉት 47 በመቶ። ከ15 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ደግሞ እናቶቻቸው የመለሱት 16 በመቶ ነው። በዚያው ሰነድ ሶማሌ ክልል 99፣ ትግራይ 24 በመቶ ነው። ይህን ሁሉ ወደ አንድ ቁጥር ጨፍልቆ «ልጃገረዶች ይገረዛሉ» ማለት ያለፈውን ዘመን ጠባሳ የዛሬ ዜና አድርጎ መሸጥ ነው።

እህል ነጋዴ፦ እኔንም፣ እናቴንም፣ ሦስቱን እህቶቼንም የጠየቀ የለም። ዐሥራ አምስት ሺህ ሰው ጠይቆ የመቶ ሚሊዮን ሕዝብ ገበና አውቃለሁ ማለት ድፍረት ነው። ገንዘቡስ ከማን ኪስ ወጣ? ከለጋሾቹ አንዱ የአሜሪካ መንግሥት አይደለም?

የቀድሞ መረጃ ሰብሳቢ፦ ጋሼ፣ ጤፍ ሲገዙ መቶውንም ኬሻ ዘርግፈው ነው?

እህል ነጋዴ፦ አይደለም፤ እፍኝ አወጣለሁ። ግን ከላይ ብቻ አላወጣም፤ በሾለ ቧንቧ ኬሻውን እስከ ታች እወጋዋለሁ። ከላይ ማኛ አሳይቶ ከታች ሰርገኛ የሚጭን ሞልቷል። ደግሞ ስንት ኬሻ እንደተጫነ አስቀድሜ አውቃለሁ። እናንተ ታውቃላችሁ?

የሕግ ተማሪ፦ እጅ ነሣሁ፤ የዛሬው ምርጥ ጥያቄ የእርስዎ ነው። ናሙናው የተቀዳው በ1999 ዓ.ም. ከተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው፦ ከ84,915 የቆጠራ ቦታዎች 645 ተመረጡ። ከከተማም ከገጠርም፣ ከየክልሉም ተለይቶ ስለወጣ «ከታችም ተወግቷል» ማለት ይቻላል። ኬሻውን የቆጠርነው ግን በ1999 ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየዐሥር ዓመቱ ይካሄድ ይላል፤ በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው አራዘሙት። ስለ ገንዘቡ፦ ጥናቱን ይደግፍ የነበረው የአሜሪካ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ገንዘቡ ሲቋረጥ የከሰረው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ከ90 በላይ አገሮች ስለ እናቶችና ሕፃናት በአንድ ዓይነት መጠይቅ ሲያጠኑ የኖሩት በዚያ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦ የኬሻው ነገር እኛንም ይነካናል። እዚህ ለማኅበራችን ጽሑፍ ሳዘጋጅ የአገሬን የሕዝብ ብዛት ፈለግሁ። ለ2015 ዓ.ም. የስታቲስቲክስ አገልግሎት ትንበያ 107 ሚሊዮን ገደማ ይላል፤ የተባበሩት መንግሥታት 126 ሚሊዮን ገደማ። መሐል ላይ 19 ሚሊዮን ሰው ጠፋብኝ! ሁለቱም ትንበያ መሆናቸውን፣ የሚለያዩትም ስለ ወሊድ፣ ስለ ሞትና በቆጠራ ስለተዘለሉ ሰዎች በሚወስዱት ግምት መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ጽሑፌን ግን ቀድሜ በትልቁ ቁጥር አትሜዋለሁ፤ ትልቅ ስለሆነ ደስ ብሎኝ።

የጤና ጣቢያ ነርስ፦ እኛ ዘንድ ደግሞ የሚጠፋ ሳይሆን የሚተርፍ አለ። የወረዳችን የክትባት ሽፋን አንዳንድ ወር ከመቶ በላይ ይሆናል። የተከተቡት ሕፃናት እውነተኛ ናቸው፣ በእጄ ወግቻቸዋለሁ። «ይህን ያህል ሕፃን አላችሁ» ተብሎ ከላይ የሚመጣው ትንበያ ነው ያነሰው። ሪፖርቱን ያየ ሰው ግን እኛን በሐሰት ይጠረጥራል።

የቀድሞ መረጃ ሰብሳቢ፦ እኔ ከቁጥሩ ይልቅ መልሱ የተሰጠበት ክፍል ያሳስበኛል። በ2008ቱ ጥናት አልነበርኩበትም፤ በሌላ ላይ ግን ለሁለት ወር ገጠር ለገጠር ዞሬአለሁ። ዕድሜ ስጠይቅ «በርበሬ የተወደደበት ዓመት ነው የተወለደው» ይሉኛል። ከዚያ ተያይዘን በግምት 30፣ 35፣ 40 እንላለን፤ በሠንጠረዥ ላይ በዜሮና በአምስት የሚያልቁ ዕድሜዎች ጉብ ብለው የሚታዩት ለዚህ ነው። ግርዛትማ ከ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ወዲህ ያስቀጣል። ስለዚህ እናት ስለ ራሷ በነጻነት ትነግርሻለች፤ ስለ ልጇ ስትጠይቂያት መቀነቷን ታስተካክላለች። ተማሪው የጠቀሰውን 16 በመቶ ሳይ የሚታየኝ ያ መቀነት ነው። ትንንሾቹ ገና ያልደረሰባቸው መኖራቸውም አይረሳ።

አንዲት ሴት አልረሳም። አማቷ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ሳለ «ባሌ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም» አለችኝ። እንደ ሥልጠናችን ብቻችንን መሆን ነበረብን፤ አፍሬ ዝም አልኩ። አማቷ ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ «ያን መልሰሽ ጠይቂኝ» አለችኝ።

የሕግ ተማሪ፦ እንግዲህ በምስል የሚመጣ ቁጥር ሁሉ ማን፣ መቼ፣ ስንት ሰው፣ በየትኛው ዕድሜ ክልል የሚለውን ካልያዘ እዚህ አይለጠፍ። አወያዩ ምስሉን ያንሡልን።

አወያይ፦ አነሣሁት። ሠንጠረዡን በምትኩ እለጥፋለሁ።

እህል ነጋዴ፦ ለጥፉት፤ ሱቅ ስዘጋ አየዋለሁ። አላመንኩም፣ ግን አየዋለሁ። እህቴ፣ ያቺ ሴት በመጨረሻ መዝገብ ላይ የሰፈረው የትኛው መልሷ ነው? አማቷ እያሉ የተናገረችው ወይስ ከወጡ በኋላ?

የቀድሞ መረጃ ሰብሳቢ፦ ከወጡ በኋላ የተናገረችው ነው። የመጀመሪያውን ሰርዤ ጻፍኩት።