ፕሮግራሙ ሲዘጋ የትኛው ሴቲንግ ይቀመጥ፣ የትኛው ይረሳ?

ቆጣሪ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለጅምላ አከፋፋዮች የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር በሲ ሻርፕና በዊንፎርምስ (የዊንዶውስ መስኮቶችን መሥሪያ) እየሠራን ነው። ተጠቃሚው ዘግቶ ሲከፍት ምን እንደነበረ ይጠብቀው በሚለው ላይ አልተስማማንም። ግማሻችን «የተነካ ሁሉ ይቀመጥ» እንላለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ ቋንቋና ፕሪንተር ይበቃል ባዮች ነን። ያከራከሩን የመስኮቱ ቦታና መጠን፣ የሠንጠረዡ ዓምዶች፣ የፍለጋና የቀን ማጣሪያ፣ የኢትዮጵያ ወይም የፈረንጅ ካላንደር ምርጫ፣ መጨረሻ የተከፈተው ፎልደር፣ ፕሪንተርና የኮፒ ብዛት ናቸው። አንዳንድ ማሽን ላይ ሦስት አራት ሠራተኛ በአንድ የዊንዶውስ አካውንት ይፈራረቃል፤ መብራትም በሥራ መሃል ይጠፋል። እናንተ የት ታሰምራላችሁ?

ሰሌዳ፦
ለእያንዳንዱ ሴቲንግ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ቢረሳ ሰውየው ምን ያጣል? ሳያውቅ ተቀምጦ ቢቆየውስ? የዓምድ ስፋት ቢረሳ ጥቂት ሴኮንድ ያበሳጫል፤ ቢቀመጥ ማንንም አይጎዳም። ይቀመጥ። የኮፒ ብዛት ግን ተቃራኒው ነው። አንዱ ትናንት ማስታወቂያ 30 ኮፒ አትሞ ከዘጋ፣ ዛሬ የመጀመሪያው ደረሰኝ 30 ጊዜ ይወጣል። የፕሪንተሩን ስም አስቀምጡ፣ ኮፒውን ሁልጊዜ ወደ 1 መልሱ።

ከዝርዝራችሁ ትልቁ አደጋ ማጣሪያው ነው። ማታ አንዱ «መጋዘን 2» ብሎ አጣርቶ ይዘጋል። ጠዋት ሌላው ሲከፍተው ከ1,200 ዕቃ የሚታየው 85 ብቻ ነው። ዳታው የጠፋ ይመስለዋል፤ ደንግጦ የድሮ ባክአፕ ይመልሳል፤ ያኔ የእውነት ዳታ ይጠፋል። ስለዚህ ዳታ የሚደብቅ ነገር ሁሉ ባዶ ሆኖ ይከፈት። ደጋግሞ የሚፈለግ ማጣሪያ ካለ ተጠቃሚው ስም ሰጥቶ ያስቀምጠው፣ በፈለገ ጊዜ ራሱ ይምረጠው። «የዚህ ወር» የሚለውን ማጣሪያ ስታስቀምጡ ታዲያ «የዚህ ወር» መሆኑን ጻፉ እንጂ የዛሬውን ወር ቀኖች አትጻፉ፤ አለዚያ በሚቀጥለው ወር ያለፈውን ወር እያሳየ ይቀመጣል።

ዓምዶችን በስማቸው እንጂ በተራ ቁጥር አታስቀምጡ። በሚቀጥለው ቨርዥን መሃል ላይ አንድ ዓምድ ስትጨምሩ ተራ ቁጥሩ ይዛባና የዋጋው ስፋት ለዕቃው ስም ይሰጣል።

«ይህን መልእክት ዳግም አታሳየኝ» ለጠቃሚ ምክሮች ብቻ ይቀመጥ። ለስረዛ ማረጋገጫ በፍጹም አታስገቡት።

ፒክስል፦
የመስኮቱ ቦታ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ስህተት የሚገባው ግን እዚያ ነው። መስኮቱ ወደ ታች ወርዶ (ሚኒማይዝ ሆኖ) ባለበት ፕሮግራሙ ከተዘጋ፣ ዊንዶውስ የሚሰጣችሁ ቦታ 32,000 ኔጌቲቭ ነው፣ በአግድምም በቁመትም። እሱን ካስቀመጣችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ፕሮግራሙ ይነሳል፣ ታስክባር ላይም ይታያል፣ መስኮቱ ግን የትም የለም። መስኮቱ ወርዶ ወይም ስክሪኑን ሞልቶ ከሆነ የፎርሙን «ሪስቶር ባውንድስ» አንብቡ፤ የተለመደውን መጠን የሚይዘው እሱ ነው። ሁኔታውን ለብቻው ጻፉ፤ «ወርዷል» የሚለውን ግን «መደበኛ» ብላችሁ ቀይሩት።

ስትመልሱት «ስታርት ፖዚሽን» የሚለውን «ማኑዋል» አድርጉ፤ ያለዚያ የሰጣችሁት ቦታ ከቁጥር አይገባም። ከዚያ በፊት ግን ያ ቦታ ዛሬም ስክሪን ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ላፕቶፑ ትናንት ሁለተኛ ሞኒተር ነበረው፣ ዛሬ ተነቅሏል እንበል። የመስኮቱ የርዕስ አሞሌ፣ ማለትም በማውስ ይዘን የምንጎትተው የላይኛው ክፍል፣ ቢያንስ 100 ፒክስል ያህሉ ካሉት ስክሪኖች በአንዱ ውስጥ ካልወደቀ ቦታውን ተዉትና ዋናው ስክሪን መሃል ላይ ክፈቱት።

መረጃ_ጠባቂ፦
መብራት የሚጠፋ ከሆነ ሲዘጋ ብቻ መጻፍ አያዋጣም፤ የቀኑ ለውጥ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ሴቲንግ በተቀየረ ቁጥር የ2 ሴኮንድ ታይመር አስነሱ፤ ሌላ ለውጥ ከመጣ ታይመሩ እንደገና ከዜሮ ይቁጠር፤ ሲያልቅ ይጻፍ። አጻጻፉም ቀጥታ ዋናው ፋይል ላይ አይሁን። በአጠገቡ ባለ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ጻፉ፣ ጽሑፉ ዲስኩ ላይ መድረሱን አስጨርሱ (ፍለሽ)፣ ከዚያ በ«ፋይል ሪፕሌስ» ተኩት። መሃል ላይ መብራት ቢሄድ አሮጌው ፋይል ሙሉውን ይተርፋል። ፋይሉ አልነበብ ካለ ስሙን ቀይራችሁ አቆዩት፣ በዲፎልት ተነሱ። በሴቲንግ ፋይል ምክንያት የማይነሳ ፕሮግራም መኖር የለበትም።

የዶት ኔትን (ሲ ሻርፕ የሚሠራበትን መድረክ) የራሱን የሴቲንግ ፋይል «ዩዘር ኮንፊግ» የምትጠቀሙ ከሆነ የፎልደሩ ስም ውስጥ የቨርዥን ቁጥር አለበት። አዲስ ቨርዥን ስትጭኑ ሁሉም ሴቲንግ የጠፋ ይመስላል። ዲፎልቱ «እውነት» የሆነ አንድ ምልክት አኑሩ፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ ምልክቱ «እውነት» ከሆነ የድሮውን ቨርዥን ሴቲንግ ወደ አዲሱ የሚያመጣውን «አፕግሬድ» ጠርታችሁ ምልክቱን «ሐሰት» አድርጉትና አስቀምጡ።

መጨረሻ የተከፈተውን ፎልደር አስቀምጡ፣ ለመክፈቻና ለኤክስፖርት ለየብቻ። መኖሩን ግን ፕሮግራሙ ሲነሳ አትፈትሹ፤ የተቋረጠ የኔትወርክ ድራይቭ ከሆነ ፕሮግራሙን ለብዙ ሴኮንድ ያደርቀዋል። የፋይል መምረጫው ሲከፈት ፈትሹ፤ ፍላሹ ተነቅሎ ከሆነ ወደ ዶክመንትስ ውሰዱት።

ቆጣሪ፦
አመሰግናለሁ፣ ማጣሪያውን አውጥተነዋል። ካላንደሩስ? አካውንቱ የጋራ ሲሆን የአንዱ ምርጫ ሌላው ላይ ይወድቃል።

ሰሌዳ፦
ሁለት ቦታ ክፈሉት። ቋንቋ፣ ካላንደርና ዓምዶች የሰውየው ናቸው፤ ወደ ሶፍትዌሩ በሚገባበት ስም ሥር ዳታቤዙ ውስጥ ይቀመጡ፤ ማሽን ቢቀይርም ይከተሉታል። ፕሪንተር፣ የመስኮት ቦታና ፎልደር የማሽኑ ናቸው፤ አፕዳታ (ዊንዶውስ ለየአካውንቱ የፕሮግራሞችን መረጃ የሚያኖርበት ፎልደር) ውስጥ ሎካል ሥር ይሁኑ። እዚያው ያለው ሮሚንግ ሥር ከገቡ፣ ፕሮፋይሉ ከሰው ጋር በሚዞርበት መሥሪያ ቤት የአንዱ ክፍል ፕሪንተር ሌላ ክፍል ድረስ ይከተላል። የመግቢያ ስም በጋራ ማሽን ላይ አይቀመጥ፤ የአንዱ ሽያጭ በሌላው ስም ይመዘገባል።

ካላንደሩ የማሳያ ምርጫ ብቻ ይሁን። ስም የተሰጠው ማጣሪያ ውስጥ የሚገባው ቀን ፋይሉ ላይ ሁልጊዜ በፈረንጅ ይጻፍ። በኢትዮጵያ ከጻፋችሁት «2017-06-30» የካቲት 30 መሆኑ ቀርቶ ያለምንም ስህተት ጁን 30 ተብሎ ይነበባል፣ 7 ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ። «2017-02-30» ማለትም ጥቅምት 30፣ እንዲሁም 13ኛው ወር ያለበት የጳጉሜን ቀን ሲመጣ ግን ፕሮግራሙ ስህተት ጥሎ ይቆማል። ሙከራ ስታደርጉ ጥቅምት 29 እና 30ን፣ ጳጉሜን 5ንም ጨምሩ።