ለአቅራቢ መነጽር የትኛው የደረት ማንገቻ ይሻላል?

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ አማክሩኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ድኩላና ጉሬዛ ለማየት መናገሻ ሱባ ጫካ እወጣለሁ (አደን አይደለም፣ ማየት ብቻ!)። መነጽሬ 10 በ42 ነው (10 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊሜትር ስፋት አለው)፤ 700 ግራም ገደማ ይመዝናል። ዳገቱ ላይ አንገቴን ይቆርጠኛል። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ አዳኞች የሚለብሱትን የደረት ማንገቻ ላምጣልህ ብላኛለች። የቱን ልበላት?

ጀርባ ላይ የሚጠላለፈው የላስቲክ ማንገቻ ቀላል ነው፤ ክብደቱንም ወደ ትከሻ ያዞረዋል። ግን ጎንበስ ሲሉ መነጽሩ ይወዛወዛል፣ ዝናብም አይከላከልም። ኪስ ያለው ይሸፍናል፤ ችግሩ ክዳኑ ነው። ቬልክሮ (ተጫኖ የሚጣበቀው ጨርቅ) ሲላቀቅ ጠርርር ይላል፣ የድኩላ ጆሮ ደግሞ አይጣል ነው! ማግኔት ያለው ድምፅ የለውም፤ ስልክ ከተጠጋው ግን ኮምፓሱን ያሳስታል። ከጀርባ ቦርሳ ጋር የለበሳችሁት ካላችሁ፣ የኋላው ዘለበት አይቆረቁርም?