ለአዳሪ የቤት ሠራተኛ የበዓልና የዓመት ዕረፍት ስንት ቀን ይገባታል?

ጠያቂ፣ ከሆጤ፣ ደሴ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደሴ ከተማ በመምህርነት የምሠራ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከለጋምቦ ወረዳ የመጣች፣ ዕድሜዋ ከሃያ ዓመት ያለፈ ሠራተኛ ቤታችን አድራ መሥራት ከጀመረች ከአንድ ዓመት በላይ ሆኗታል። ልጆቼ ይወዷታል፤ በሥራዋም የምነቅፍባት ነገር የለኝም። ሰሞኑን አረፋን ከእናቷ ጋር አሳልፋ ለመመለስ የዐሥር ቀን ፈቃድ ጠየቀችኝ። እንድትሄድ እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን የሚገባትን ያህል እየሰጠኋት መሆኑን ሳላውቅ እሺ ማለት አልፈለግሁም።

ባለቤቴ «የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም፤ ዕረፍት ብንሰጣት በፈቃዳችን ነው እንጂ ግዴታ የለብንም» ይላል። ያገናኘን ደላላ ደግሞ «ለበዓል የሄደች አትመለስም፤ የወር ደመወዟን ያዢባት» ሲል መክሮኛል። ሁለቱም ምክሮች ልቤን አላሳረፉትም። በእርግጥ ግዴታ የለብንም ወይ? ካለብንስ ስንት ቀን ነው፣ በዚያ ጊዜስ ደመወዟ ይታሰብላታል ወይ? እኛ ክርስቲያኖች ነን፣ እሷ ሙስሊም ናት፤ በእኛ በዓል ሥራ የሚበዛባት እሷ ሆና ሳለ የራሷ በዓል ከዓመት ዕረፍቷ ላይ ቢቀነስ ተገቢ ይሆናል ወይ? የምታውቁ ብትመልሱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፣ የሕግ ባለሙያ፣ ደሴ

ጥያቄዎን በአክብሮት አንብቤዋለሁ። ባለቤትዎ ስለ አዋጁ የተናገሩት ትክክል ነው፤ ከዚያ ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ ግን ትክክል አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 3 ላይ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት የሥራ ውልን ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጭ አድርጎታል፤ የቤት ውስጥ ሥራ፣ የግቢ ጥበቃ፣ የአትክልተኝነትና ለቤተሰብ የሚሠራ የሾፌርነት ሥራ በዚሁ ውስጥ ይወድቃሉ። ይኸው አንቀጽ እነዚህን ሠራተኞች የሚመለከት ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት እንዲያወጣ ያዛል። ትእዛዙ በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 377 ውስጥም ነበረ፤ ደንቡ ሳይወጣ ቀርቶ ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ በ2011 እንደገና መጻፍ ማስፈለጉን፣ በእነዚያ ዓመታት በሰው ቤት ሲደክሙ ጉልበታቸው ካለቀ ሴቶች ጋር አያይዤ ሳስበው እጅግ አዝናለሁ።

ይሁን እንጂ አንድ አዋጅ ስላልጠቀሳት ልጅቷ ሕግ የላትም ማለት አይቻልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ ሠራተኞች በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍት፣ የመዝናኛ ጊዜ፣ በየጊዜው ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ፈቃድና ደመወዝ የሚከፈልበት የሕዝብ በዓል እንደሚገባቸው ሲደነግግ፣ ፋብሪካ የሚውለውንና ማጀት የምትውለውን አልለየም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከቁጥር 2601 እስከ 2604 ድረስ ስለ ቤት ሠራተኞች ይናገራል፤ ቁጥር 2601 ሠራተኛው አብሮት የሚኖር ከሆነ አሠሪው ስለ ማደሪያው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሥራውና ስለ ዕረፍቱ ሰዓት ተገቢውን ሁሉ በማድረግ ጤናውንና ሥነ ምግባሩን እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። ዕረፍት እንግዲህ ከስድሳ ዓመት በፊት ጀምሮ በሕግ የታሰበ ነገር ነው።

የቀኑን ቁጥር በተመለከተ፣ አዋጁ በቀጥታ ባያስገድድዎም እንደ መለኪያ ቢወስዱት መልካም ነው እላለሁ። በአዋጁ መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣሉ፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ይጨመራል። ፈቃዱ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። የሚቆጠረው በሥራ ቀን ስለሆነ፣ በመካከሉ የሚውል የሕዝብ በዓልና የሳምንት ዕረፍት አይገባበትም። የእርስዎ ሠራተኛ የጠየቀችው ዐሥር ቀን፣ አንድ እሑድና የአረፋው ዕለት ሲወጡለት፣ ስምንት የሥራ ቀን ይሆናል፤ ከዐሥራ ስድስቱ ግማሹን ብቻ ነው የጠየቀችዎ። በሕዝብ በዓል ቀን የሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ሰዓት እጥፍ እንደሚከፈለውም አዋጁ ስለሚደነግግ፣ ገናና ፋሲካ ላይ የሠራችውን ሲያስቡ ይህን አይርሱት።

ደመወዝ መያዝን በተመለከተ አጭር መልስ አለኝ፤ አያድርጉት። የሠራችበት ገንዘብ የእሷ ነው፤ እንድትመለስ ማስገደጃ ሊሆን አይችልም። አስገድዶ ማሠራትን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 ከልክሏል፤ የደላላው ምክር ወደዚያው የሚወስድ መንገድ ነው።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ

እህቴ፣ አላህ ይስጥሽ፤ መጠየቅሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እኔ በደሴም በኮምቦልቻም በሰው ቤት አድሬ ብዙ ዘመን ከሠራሁ በኋላ ዛሬ የራሴን ሻይ ቤት ከፍቼ የምተዳደር ሴት ነኝ። የሕግ ባለሙያው ስለ ቀኑ ቁጥር የጻፉትን አመሰግናለሁ፤ እኔ ልናገር የምፈልገው ግን ቀኑ የት እንደሚያልፍ ነው።

ብዙ አሠሪዎች «በዓሉን ከእኛ ጋር ታከብራለች» ይላሉ፤ የሚሉትም በቅንነት ነው። ነገር ግን በአሠሪ ቤት በዓል ማለት ለሠራተኛዋ ከዓመቱ ቀናት ሁሉ የከበደው ቀን ነው። በፋሲካ ዋዜማ የአንድ ትልቅ ድስት ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ዶሮውን በሎሚና በጨው ደጋግሜ አጥባለሁ፣ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ለሚመለሱት እሳቱን ጠብቄ አቆያለሁ፤ ሲነጋ እንግዳ ይመጣል፣ ቡና አፈላለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ። የክርስቲያን ሥጋ ስለማልበላ እኔ የምቀመጠው ለብቻዬ፣ ሽሮዬን ይዤ ነበር። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፤ ሆኖም ያ ቀን የእኔ በዓል ተብሎ ሲቆጠርብኝ ያመኝ ነበር። የእኔው አረፋ ሲደርስ ደግሞ «ሰግደሽ ቶሎ ነይ» ተብዬ ከሶላት መልስ ልብሴን ቀይሬ ወደ ሥራዬ እገባለሁ።

የሳምንቱም ዕረፍት እንደዚያው ነው። «ዛሬ እሑድ ነው፣ አርፊ» ተብዬ ክፍሌ ውስጥ ብቀመጥ፣ በር ሲንኳኳ የምከፍተው፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ የማነሣው እኔው ነኝ። ሠራተኛ ዐረፈች የሚባለው ከግቢው ወጥታ ማንም ሊጠራት በማይችልበት ስትሆን ብቻ ነው። የማታ ትምህርት የምትማር ከሆነም ያንን ሰዓት እንደ ዕረፍት አትቁጠሪባት፤ ትምህርቷ ትምህርት ነው።

ደመወዟን ያዢባት ስላለሽ ደላላ የማውቀውን ልንገርሽ። እኔ ሳልመለስ የቀረሁበት ቤት ደመወዜን ይዘው ለበዓል የላኩኝ ቤት ነው። እናቴ ዘንድ ባዶ እጄን ስደርስ አፈርሁ፤ ለመመለሻ መሳፈሪያም አልነበረኝም፤ ዘመድ ሌላ ሥራ ሲያገኝልኝ ያንን ገንዘብ እዚያው ተውኩት። ሠራተኛን የሚመልሳት የቤቱ ደግነትና ሒሳቡ የጠራ መሆኑ ነው።

መልስ፣ አሠሪና ሠራተኛ እናት፣ ኮምቦልቻ

ከላይ የተጻፈውን አልቃወምም፤ ነገር ግን የእኛም ችግር በቅጡ ይታይልን እላለሁ። እኔ በፈረቃ የምሠራ የፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ፤ የእኔ የራሴ የዓመት ፈቃድ ውስን ነው፤ ልጄን የምትይዝልኝ ልጅ በአንድ ጊዜ ለሦስት ሳምንት ብትሄድ ሥራዬን ላጣ እችላለሁ። በደመወዟ ላይ ተተኪ መቅጠርም ከአቅሜ በላይ ነው። ብዙ ቤት ዕረፍት የሚከለከለው በክፋት ብቻ አይመስለኝም፤ ቀኑ ድንገት ሲመጣ ሰው ይጨነቃል።

በእኛ ቤት የሠራልን መንገድ ዕረፍቱን ለሁለት ከፍሎ በመስከረም ወር ላይ መነጋገር ነው። ሠራተኛዬ ግማሹን ለገና ትወስደዋለች፣ ግማሹን ወንድሞቿ አጨዳ ላይ ሲሆኑ ወይም በጥር ሠርግ ሲኖር ትሄድበታለች። እኔም የፈረቃ ለውጤንና የራሴን ፈቃድ ከዚያ ጋር አስማማለሁ፤ ለቀሩት ቀናት ከሰዓት በኋላ ብቻ የምትመጣ ተመላላሽ እይዛለሁ። ሳትሄድ ቀርታ ገንዘቡን እንድትወስድ ማግባባት ግን ልክ አይመስለኝም፤ ገንዘቡን በጭንቅ ትቀበለዋለች፣ ድካሙ ግን ሳይወጣላት ይቀራል።

መልስ፣ የሕግ ባለሙያ፣ ደሴ

ስለ መክፈሉ የተነሣው ሐሳብ ከአዋጁም ጋር የሚሄድ ነው፤ ሠራተኛው ሲጠይቅና አሠሪው ሲስማማ የዓመት ፈቃድ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥን ደግሞ ሥራው ከተቋረጠ በኋላ ካልሆነ በቀር አዋጁ አይቀበለውም። ስለ ግቢው የጻፉት እህት የተናገሩት ነገር ደግሞ የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ጄኔቫ ላይ ባወጣው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 ውስጥ በግልጽ ሰፍሯል፤ የሳምንት ዕረፍት ቢያንስ ተከታታይ 24 ሰዓት እንዲሆን፣ ሠራተኛዋም በዕረፍቷ ጊዜ በአሠሪው ቤት እንድትቀመጥ እንዳትገደድ ይላል።

መልስ፣ ከአረብ ገንዳ፣ ደሴ

ልጄ፣ ስለ ቀኑ አቆጣጠር አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ በዚህ ብዙ ሰው ይቸገራል። አረፋ ዙልሒጃ ወር በገባ በዐሥረኛው ቀን ስለሚውል ጨረቃዋ ከታየች በኋላ ለመዘጋጀት ከሳምንት በላይ ጊዜ አለ። የረመዳን ፍቺ ዒድ አል ፈጥር ግን ነገ መሆኑ የሚታወቀው በዋዜማው ምሽት ነው። ስለዚህ ለፈጥር የምትሄድን ልጅ «ዒዱ ሲታወጅ ትሄጃለሽ» ማለት አትሄጂም እንደ ማለት ነው፤ ከደሴ መናኸሪያ ተነሥታ ለጋምቦ የገጠር ቀበሌ እስክትደርስ በዓሉ ያልፋል። ለፈጥር ከሆነ ጾሙ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ለአረፋም ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብላ ትነሣ። በበዓል ሰሞን መኪና ይጠፋል፣ ታሪፉም ይወደዳል፤ ሴት ልጅ አመሻሽ ላይ መንገድ እንዳትቀር በጠዋቱ መኪና ብትሳፈር ይሻላል። በረመዳንም ቢሆን ለሱሑር የምትነሣ ልጅ ናትና ከእኩለ ቀን በኋላ ጥቂት ጋደም እንድትል ፍቀዱላት።

ጠያቂ፣ ከሆጤ፣ ደሴ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፋችሁትን ለባለቤቴ አነበብሁለት፤ ስምንት የሥራ ቀን መሆኑን ሲሰማ «ይህማ ከሚገባት በታች ነው» አለ። ዐሥሩን ቀን ከነደመወዟ ሰጥተናታል፤ የቀሩት ቀናት ደግሞ በጥር ለእህቷ ሠርግ ይቆዩላታል። እሑድ ከጠዋት ጀምራ ወጥታ እንድትውል፣ በሯንም እኛው እንድንከፍት ተነጋግረናል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ለበዓሉ ልብስ ልገዛላትና የመሳፈሪያዋን ልሸፍንላት አስቤአለሁ፤ ይህንን ባለፈው ፋሲካና ገና ለሠራችው እንደ ክፍያ ብቆጥረው ይቻላል ወይ? ስምምነታችንንስ በጽሑፍ ማድረግ ያስፈልጋል ወይ?

መልስ፣ የሕግ ባለሙያ፣ ደሴ

ልብሱና መሳፈሪያው ስጦታ ነው፤ በስጦታነቱ ይቆይ። የፋሲካውንና የገናውን ሥራ በገንዘብ ያስቡላት፤ ወይም እሷ ከመረጠች ስለ አንዱ የበዓል ቀን ሁለት የዕረፍት ቀን ይስጧት። ምርጫው የእሷ ይሁን።

ጽሑፉ ያስፈልጋል፤ አንድ ገጽ ይበቃል። የሥራው ዓይነት፣ ደመወዙና የሚከፈልበት ቀን፣ የሳምንቱ ዕረፍት፣ በስም ተጠቅሰው የእሷ የሆኑት በዓላት፣ የዓመቱ ፈቃድ ብዛትና መቼ እንደሚወሰድ፣ ብትታመም የሚደረግላት ይጻፍበት። በሁለት ቅጂ ተፈርሞ አንዱ እሷ ዘንድ ይቀመጥ። ማንበብ የሚያስቸግራት ከሆነ፣ እርስዎ ያልመረጡት፣ እሷ የምታምነው ሰው፣ ለምሳሌ ተያዧ ወይም ደሴ ያለ ዘመዷ፣ ከመፈረሟ በፊት ጮክ ብሎ ያንብብላት። የዚህን ወር ደመወዝም ከመሄዷ በፊት በእጇ ይስጧትና የተቀበለችበትን ቀን እዚያው ወረቀት ላይ ያስፍሩት።