የኤክስቴንሽን መምህራንን በኦንላይን እንዲያስተምሩ ማሠልጠን፦ በሁለት ቀን ይሆናል?

ሰንበሌጥ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ኮሌጅ ትምህርት ክፍል አስተባባሪ ነኝ። ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ ለኤክስቴንሽን ተማሪዎች ከምንሰጣቸው ኮርሶች ስድስቱ በከፊል በኦንላይን እንዲሆኑ ተወስኗል። የሚሠለጥኑት 28 መምህራን ናቸው፤ ያለን ጊዜ 5 ሳምንት ነው። ሙድል (ኮርስ በኦንላይን የሚሰጥበት ሶፍትዌር) ተጭኗል፣ ግን እስካሁን ሞጁል በፒዲኤፍ ከማስቀመጥ ያለፈ ሥራ አልተሠራበትም። ተማሪዎቹ በአንድ ኮርስ ከ45 እስከ 60 ይደርሳሉ። ቀን ሥራ ላይ ይውላሉ፣ የሚገቡትም በስልክና በሞባይል ዳታ ነው።

የቀረበው ሐሳብ መምህራኑን አዳራሽ ሰብስቦ ሁለት ቀን ሙሉ ሙድልንና ዙምን በፕሮጀክተር ማሳየት ነው። ይህ እንደማያዋጣ ይሰማኛል፤ በምን ልተካው ለሚለው ግን የተጨበጠ ዕቅድ የለኝም። የዳታ ወጪና የፈተና ነገርም ያሳስበኛል። ሥራውን የምታውቁት በዝርዝር ብትነግሩኝ።

ጥቁር_ሰሌዳ

ሥጋትዎ ልክ ነው። በፕሮጀክተር የታየ ነገር እጅ ውስጥ አይገባም። አዳራሹ ውስጥ ያለው የኮሌጁ ዋይፋይና ላፕቶፕ ነው፤ ተማሪው የያዘው ግን ስንጥቅ ስክሪን ያለው ስልክ ሊሆን ይችላል። መምህሩ ቁልፉ የት እንዳለ አውቆ ይወጣል፤ 50 ሰው ዝም ሲለው ምን እንደሚያደርግ ግን ማንም አላሳየውም። ሁለቱን ቀን በ5 ሳምንት ላይ ይዘርጓቸው፤ በሳምንት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይበቃል።

መጀመሪያ መምህሩ ተማሪ ይሁን። ሥልጠናውን ራሱን ሙድል ላይ እንደ ኮርስ ይክፈቱትና 28ቱንም በተማሪነት ያስገቧቸው። በስልካቸው፣ ዋይፋይ አጥፍተው፣ በዳታ። ሦስት ሥራ ይስጧቸው፦ ባለ 6 ገጽ ንባብ አውርደው ያንብቡ፤ አንድ ገጽ በእጅ ጽፈው ፎቶ አንስተው ያስረክቡ፤ የባልደረባቸውን ጽሑፍ አንብበው ይመልሱ። ከሦስቱ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ማስረከቡ ላይ ነው። ፎቶው ተዘቅዝቆ ይገባል፣ ወይም መጠኑ ከተፈቀደው በልጦ ይመለሳል፣ ወይም ከሁሉ የከፋው ፋይሉ ተጭኖ የመጨረሻው የማስረከቢያ ቁልፍ ሳይነካ ይቀራል። ሙድል ያን ጊዜ ሥራውን «ረቂቅ» ብሎ ያስቀምጠዋል። ተማሪው ልኬአለሁ ይላል፣ መምህሩ አልደረሰኝም ይላል፤ ሁለቱም አልዋሹም። ይህን በራሱ ላይ ያየ መምህር ለተማሪው የሚጽፈው መመሪያ ሌላ ይሆናል።

በሁለተኛው ሳምንት እያንዳንዱ መምህር ከኮርሱ አንድ ሳምንት ብቻ መርጦ እንደገና ያቅድ። አንድ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ፦ ተማሪው መጨረሻ ላይ ምን መሥራት ይችላል፣ ለዚያ ምን ያደርጋል፣ ስንት ደቂቃ ይወስድበታል፣ መምህሩ መማሩን በምን ያውቃል። አራተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ወደ ሙድል አይሂድ። ጀማሪው ሁሉ የሚሠራው ስህተት የ3 ሰዓት ሌክቸሩን የ3 ሰዓት ዙም ማድረግ ነው። ቀጥታ የምንገናኝበት ሰዓት ለጥያቄ፣ ለክርክር፣ ስህተት አብሮ ለማረም ይቀመጥ። ማብራሪያው በድምፅና በንባብ ቀድሞ ይድረስ።

የዙም ነጻ አካውንት የቡድን ስብሰባን 40 ደቂቃ ላይ ስለሚቆርጥ ዕቅዱን ለ35 ደቂቃ ይሥሩት። የመጀመሪያውን 5 ደቂቃ «ይሰማል? ይታያል?» አይብላው። ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠብቃቸውና እየገቡ በቻት ይመልሱ። 7 ደቂቃ ማብራሪያ፣ 2 ደቂቃ ሁሉም በቁጥር የሚመልሱት አንድ ጥያቄ፣ 10 ደቂቃ በአራት በአራት ተከፋፍለው የሚሠሩት ሥራ፣ 8 ደቂቃ ውጤቱን መወያየት፤ በቀረው 3 ደቂቃ እያንዳንዱ «ዛሬ ያልገባኝ» ብሎ አንድ መስመር ይጽፋል። የቡድን ሥራው አንድ የሚታይ ነገር ይውጣው፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ወይም አንድ ስሌት። «ተወያዩ» ብቻ ከተባለ አራቱም ማይካቸውን አጥፍተው ደቂቃው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ።

ሦስተኛው ሳምንት ልምምድ ነው። በ7 ሰው አራት ቡድን ይሆናሉ። እያንዳንዱ መምህር 12 ደቂቃ ያስተምራል፣ 6 ደቂቃ አስተያየት ይሰጠዋል፤ አንዱ ቡድን በ2 ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። ተመልካቾቹ ሥራ ይያዙ። ሁለቱ በስልክና በዳታ ይግቡ። አንዱ መሐል ላይ ሆን ብሎ ወጥቶ ከ3 ደቂቃ በኋላ ይመለስ፤ ያመለጠውን ማግኘት መቻሉን ይናገራል። ሌላው መምህሩ ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደታገሠ ይቁጠር። ፊት ለፊት 3 ሰከንድ መታገሥ እንኳ የሚከብደው መምህር ብዙ ነው፤ በኦንላይን ግን ድምፁ ይዘገያል፣ ተማሪው ማይክ ይፈልጋል፣ አማርኛ በስልክ ይጽፋል። ቢያንስ 40 ሰከንድ ዝምታ ያስፈልጋል። ያን ዝምታ መቻል ከዙም ቁልፎች ሁሉ በላይ ልምምድ የሚጠይቅ ነገር ነው።

በአራተኛው ሳምንት የኮርሱን የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ብቻ ሙድል ላይ ይገንቡ። የስድስቱም ኮርስ ገጽ አንድ መልክ ይኑረው፦ ምን ታነባላችሁ፣ ምን ትሠራላችሁ፣ መቼ ታስረክባላችሁ። ተማሪው ስድስት ዓይነት አቀማመጥ እየለመደ ጉልበቱን አይጨርስ። አምስተኛው ሳምንት ከሌላ ትምህርት ክፍል የመጣ መምህር በስልኩ እንደ ተማሪ ገብቶ ሁሉን ይሞክር፤ የተሰበረው ይጠገን።

ኪሎቢት

የዳታውን ጉዳይ በቁጥር እናስቀምጠው። ዙም ለድምፅ ብቻ በሰከንድ ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት ይፈልጋል፤ በሰዓት ቢበዛ 36 ሜጋባይት ማለት ነው። የቡድን ቪዲዮ በሰከንድ ከ600 ኪሎቢት እስከ 1 ሜጋቢት ሲሄድ በሰዓት ከ270 እስከ 450 ሜጋባይት ይበላል፤ ያውም ተማሪው የሚቀበለው ብቻ ነው፣ የራሱን ካሜራ ከከፈተ ይጨምራል። ስለዚህ መምህሩ ለሰላምታ ሁለት ደቂቃ ፊቱን ያሳይ፣ ከዚያ ካሜራውን ዘግቶ በስላይድና በድምፅ ይቀጥል። ተማሪን ካሜራ ክፈት ብሎ ማስገደድ ከኪሱ ገንዘብ ማውጣት ነው።

ለተቀረጸ ትምህርት መጀመሪያ የሚታሰበው ድምፅ ይሁን። በሰከንድ 24 ኪሎቢት የተቀረጸ የ10 ደቂቃ ንግግር 2 ሜጋባይት አይሞላም። ቪዲዮ የሚያስፈልገው የሚንቀሳቀስ ነገር ሲኖር ነው፤ ስሌት ደረጃ በደረጃ፣ የላቦራቶሪ አሠራር፣ ካርታ። ቪዲዮውም ከ6 ደቂቃ አይለፍ። በ2014 እ.ኤ.አ. ኢዴክስ በሚባለው የትምህርት መድረክ ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ዕይታዎችን የመረመሩ ተመራማሪዎች ተማሪው ትኩረቱን ይዞ የሚቆየው እስከ 6 ደቂቃ ገደማ መሆኑን አግኝተዋል። የስልክ ቪዲዮ እንዳለ አይጫን። ሃንድብሬክ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ወደ 480ፒ ያውርዱት፤ የጥራት ቁጥሩን 28 አካባቢ፣ ድምፁን ሞኖ 64 ኪሎቢት ያድርጉ። በሰከንድ 500 ኪሎቢት አካባቢ ከወጣ 6 ደቂቃው 22 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። መጨረሻ ላይ የስላይዱ ትንሹ ፊደል በስልክ ይነበብ እንደሆነ ይዩ፤ ካልተነበበ ስህተቱ ስላይዱ ላይ ነው፣ ጥራቱን በመጨመር አይድንም።

የድምፅ ጥራት በማይክ ዋጋ ብቻ አይመጣም። ተራ የስልክ ኢርፎን ማይክ ከአፍ 15 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ትንሽ ወደ ጎን ብሎ ከተያዘ ይበቃል። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፤ ከተናጋሪው ፊትና ኋላ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይሰቀል። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለበት ቤት በክረምት ከሰዓት በኋላ አይቀረጽም፤ ዝናቡ ይውጠዋል። ጠዋት ይቅረጹ። ጀማሪ ለአንድ ባለ 6 ደቂቃ ቀረጻ ጽሑፉን ጨምሮ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ያጠፋል፤ ይህን ጊዜ ከዲኑ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት፣ አለዚያ መምህሩ ወደ ፒዲኤፉ ይመለሳል።

ቀለም_ቀንድ

በፈተናው በኩል ሥልጠና ላይ የሚዘለሉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም የእኛው ናቸው።

የመጀመሪያው ፊደል። የሙድል አጭር መልስ ጥያቄ የሚያርመው ፊደል በፊደል እያመሳሰለ ነው። መምህሩ «ሥነ ጽሑፍ» ብሎ መልሱን ካስገባ «ስነ ጽሁፍ»፣ «ሥነ-ጽሑፍ»፣ «ስነፅሁፍ» ብለው የጻፉት ሁሉ ዜሮ ያገኛሉ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለኮምፒዩተሩ ለየቅል ናቸው። መፍትሔው፦ በአማርኛ የሚመለስ ከሆነ ምርጫ ወይም አዛምድ ይጠቀሙ። አጭር መልስ ግድ ከሆነ ተቀባይነት ያላቸውን አጻጻፎች በሙሉ በየመስመሩ 100% ብለው ያስገቡ። ከመጨረሻው ቃል በኋላ ኮከብ ምልክት ቢጨምሩ ተማሪው አራት ነጥብ ቢያስከትልም ይቀበላል። ከፈተናው በኋላም የተሳሳቱትን መልሶች አንድ ጊዜ በዓይን ይዩ፤ የጎደለውን አጻጻፍ ጨምረው እንደገና ማሳረም ይቻላል።

ሁለተኛው ሰዓት። ሙድል ላይ «ሰኞ 00:00» ብሎ የተሞላ ቀነ ገደብ በእኛ አነጋገር እሑድ ሌሊት 6 ሰዓት ነው። ተማሪው ግን ሰኞን ከንጋት ስለሚቆጥር የሰኞ ማታው ይመስለዋል፤ 24 ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል። እኩለ ሌሊት ላይ ቀነ ገደብ አይኑር። 21:00 ይሙሉና ከሥሩ «እሑድ ማታ 3 ሰዓት» ብለው ይጻፉ፤ ቀኑንም በእኛው አቆጣጠር ይጨምሩ። የሰርቨሩ የሰዓት ክልል የአዲስ አበባ መሆኑን ባለሙያው ያረጋግጥ።

ኔትወርክ ለሚጠፋበት፣ የሙድል አፕ ኩዊዝን አውርዶ ያለ ኔትወርክ መሥራት ያስችላል። ግን መምህሩ ካልፈቀደው አይሠራም፤ የደቂቃ ገደብ ካለው፣ ወይም መልሱን ወዲያው የሚያሳይ ከሆነም አይሠራም። ስለዚህ ለሳምንታዊ ልምምድ ገደቡን ያንሱት። መኮራረጅን በተመለከተ፣ ከ30 ጥያቄ ለእያንዳንዱ ተማሪ 10 በዕጣ እንዲወጣ ማድረግ ይረዳል፤ ብቻውን ግን አያስተማምንም። ለትልቁ ውጤት ሥራውን ይስጡና ለእያንዳንዱ ተማሪ 4 ደቂቃ በስልክ «ይህን ለምን እንዲህ ሠራህ?» ብለው ይጠይቁ። ለ50 ተማሪ ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ግን ዋጋ አለው።

ሰንበሌጥ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕቅዱን በዚህ መልክ አቀርባለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ጡረታ የቀረባቸው አራት መምህራን አሉ፤ ይዘቱን ከማናችንም በላይ ያውቁታል፣ መተየብ ግን አይወዱም። ሁለተኛ፣ ከበላይ «ጥሩ መምህር አንዴ ተቀርጾ ለሁሉም ይላክ፣ ሥልጠናው ምን ያደርጋል?» የሚል ሐሳብ መጥቷል። ምን ልበል?

ጥቁር_ሰሌዳ

ለሁለተኛው፣ ፕላዝማን ያስታውሷቸው። የዛሬ 20 ዓመት ገደማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በገባው የሳተላይት ትምህርት ስክሪኑ ተማሪውን አይጠብቅም ነበር። ያልገባው እጁን ቢያወጣ የሚያየው አልነበረም፤ የክፍሉ መምህር መግቢያና ማጠቃለያ ላይ በተተወለት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሠራ ነበር። የጎደለው የጥሩ ተናጋሪ ቀረጻ አልነበረም። የጎደለው ተማሪው የሠራውን አይቶ «እዚህ ጋ ነው የሳትከው» የሚል ሰው ነበር። ሥልጠናው የሚያዘጋጀው ያን ሰው ነው። ቀረጻ ይኑር፣ ግን ከእያንዳንዱ ቀረጻ በታች የሚሠራ ሥራ፣ ከሥራውም በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ የሚመለስ አስተያየት ይቀመጥ።

አንጋፋዎቹን በተመለከተ፣ በትየባ አያድክሟቸው። አስተያየታቸውን በድምፅ ይስጡ፤ ሙድል ላይ የድምፅ ፋይል ማያያዝ ይቻላል፣ በቴሌግራም ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። የጉግል ኪቦርድ አማርኛ ሲናገሩለት ይጽፋል፤ ስህተቱን ማረም ከመተየብ ይቀላቸዋል። ከአንድ ወጣት መምህር ጋር ያጣምሯቸው፣ ግን ሥራው ይከፈል እንጂ አይተላለፍ። ወጣቱ ኮርሱን ገንብቶ ካስረከባቸው በሁለተኛው ሴሚስተር ያው ቦታ ላይ ናቸው። የኮምፒዩተሩን ማውስ የያዙት ሁልጊዜ እሳቸው ይሁኑ፤ ወጣቱ በቃል ብቻ ይምራ።

ኪሎቢት

ቴሌግራም ከተነሣ አንድ ነገር በሥልጠናው ይግባ። ተማሪዎች ወደ ግሩፕ ከመግባታቸው በፊት የስልክ ቁጥራቸው ለማንም እንዳይታይ በፕራይቬሲ ውስጥ ያስተካክሉ፤ በተለይ ሴት ተማሪዎች ከማያውቁት ሰው የሚደርስባቸው ጥሪ ከኮርስ ግሩፕ ሊጀምር ይችላል። ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ማጥፋትንም በዚያው ያሳዩዋቸው። ትምህርቱ በቻናል ይለቀቅ፣ ወሬው በግሩፕ ይሁን። የማታ መልእክትም ወሰን ይኑረው፤ መምህሩ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚመልስ የመጀመሪያው ቀን ጽፎ ፒን ያድርገው።