ክርክር፦ ዲቾቲ ያዳነቻቸውን ሰዎች አስራለች ወይ?

አወያይ፦ የዛሬው ርዕሳችን ዲቾቲ ናት። ለማያውቃት፣ የጣሊያን የባሕር ጠረፍ ጠባቂ፣ ማለት የጓርዲያ ኮስቲዬራ መርከብ ናት። በኦገስት 2018 ማልታ ኃላፊ ከሆነችበት የነፍስ አድን ክልል 190 ሰው ከባሕር አወጣች። አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። 13 ሰው ለሕክምና ወደ ላምፔዱዛ ደሴት ተወሰደ፤ 177ቱ መርከቧ ላይ ቀሩ። በ20 ካታኒያ ወደብ ገባች። የያኔው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሳልቪኒ ግን ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ካልተካፈሏቸው አላወርድም አለ። የመጨረሻዎቹ የወረዱት በ25 ሌሊት ነው። በማርች 2025 ደግሞ የጣሊያን ሰበር ሰሚ ችሎት መንግሥት ለከሰሱት ስደተኞች ካሳ ይክፈል ብሎ ወሰነ። ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው። አንድ፣ ውሳኔው ልክ ነው? ሁለት፣ እንዲህ ያሉ ትልልቅ መርከቦች ሥራቸው ሰው ማዳን ነው ወይስ ድንበር መዝጋት? ስድብ ይሰረዛል።

ሚላኖ ታክሲ፦ እኔ ልጀምር፣ መቼም ትወርዱብኛላችሁ። ልክ አይደለም። ሰዎቹን ከሞት ያወጣቻቸው ያቺው መርከብ ናት። በሉ፣ ጠጡ፣ ሐኪም አያቸው። ከዚያ ዞሮ መክሰስ ምን የሚሉት ነው? ካሳው የሚወጣው እኔ ከምከፍለው ታክስ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ሜሎኒ ይህንኑ ስላለች ብቻ ስህተት አይሆንም።

የካታኒያው፦ ወንድሜ፣ መርከበኞቹን ማንም አልከሰሰም። የተከሰሰው መንግሥት ነው። መርከበኞቹማ ራሳቸው አብረው ተይዘው ነበር ማለት ይቻላል። እኔ ያኔ ወደቡ አካባቢ እሠራ ነበር። መርከቧ ሞሎ ዲ ሌቫንቴ ላይ ቆማለች፤ ነጭ፣ ጎኗ ላይ ቀይ ሰረዝ ያላት። ሰዎቹ ውጭ ወለሉ ላይ ናቸው፣ ሸራ ተወጥሮላቸው። የካታኒያን ኦገስት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብረት በእጅ አይነካም። የከተማው ሰው አራንቺኒ ይዞ ወደቡ ድረስ መጣ፣ የሲሲሊ የሩዝ ጥብስ ነው፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ለማለት። ደረጃውን ቢወርዱ መሬት ናት። እዚያው ቁጭ ብለው ከተማውን ሲያዩ ሰነበቱ።

ነርሷ (ሮማ)፦ እከክ የያዛቸው ብዙ ነበሩ። ያለ ወላጅ የመጡት ልጆች እንኳን የወረዱት በ22 ማታ ነው። «ሐኪም አያቸው» ማለት ቀላል ነው። እከክ ያለበትን ሰው መቶ ምናምን ሰው መሀል አስተኝተህ ምን ታክማለህ?

ጋሽ ባሕረኛ፦ እኔ የድሮው ባሕር ኃይል ልጅ ነኝ፣ ምጽዋ የነበርኩ። ስለ መርከቧ የምለው አለኝ። ዲቾቲና እህቷ ዳቲሎ ሁለት ናቸው። የመርከብ ሠሪው ኩባንያ ፊንካንቲየሪ ካስቴላማሬ ዲ ስታቢያ ላይ ሠርቶ በ2013 እና በ2014 ያስረከባቸው። ርዝመት 94 ሜትር፣ ክብደት ወደ 3,600 ቶን፣ መርከበኛ ወደ 40። ጣሊያን በጠረፍ ጠባቂዋ ውስጥ ካሏት የሚበልጡ ናቸው። ማዕበል ችለው ሩቅ ይሄዳሉ፤ ባሕር ላይ የፈሰሰ ዘይትም ይለቅማሉ። ፍጥነታቸው ግን 18 ኖት፣ በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ልብ በሉ፣ በ18 ኖት የኮንትሮባንድ ፈጣን ጀልባ አታባርርም። ይቺ አሳዳጅ አይደለችም። ሰፊው ወለሏ የወደቀ ሰው ጭኖ ቶሎ ወደብ ለማድረስ ይሆናል። ወጥ ቤቱ፣ ውሃው፣ መጸዳጃው ግን የተሰላው ለመርከበኛው ነው። 177 ሰው ለቀናት ስታሳድርባት መርከቧን ያለ ሥራዋ እያሠራሃት ነው። ያን ሁሉ ቀን ደግሞ ባሕሩ ላይ አንድ ትልቅ መርከብ ጎድሏል።

ሚላኖ ታክሲ፦ ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፣ ግን ያ የመርከብ ነገር ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ማልታስ? ክልሉ የእሷ አይደል? ለምን ጣሊያን ብቻ?

የሕግ ተማሪዋ (ቦሎኛ)፦ ማልታ ላይ እስማማለሁ። ግን ሰዎቹ አንዴ የጣሊያን መንግሥት መርከብ ላይ ከወጡ ጥያቄው ተቀየረ። በ1979ኙ የሐምቡርግ የባሕር ነፍስ አድን ስምምነት ማዳን የሚያልቀው ሰውየው ደህና ቦታ ሲደርስ ነው። ወደብ ላይ የቆመ መርከብ መሸጋገሪያ እንጂ መድረሻ አይደለም። ሌላው፣ የጣሊያን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 13 አለ። ፖሊስ ሰው ከያዘ በ48 ሰዓት ውስጥ ለዳኛ ማሳወቅ አለበት። እዚህ ግን ዳኛ አላየውም፣ ክስ የለም፣ ወረቀት የለም።

ሚላኖ ታክሲ፦ ሴኔቱ ግን ሳልቪኒ አይከሰስም ብሏል።

የሕግ ተማሪዋ፦ ብሏል፣ በማርች 2019፣ በ237 ለ61። ያ የወንጀሉ ነው፣ የሰው እገታ የሚለው ክስ። የሚኒስትር ክስ የሴኔት ፈቃድ ይፈልጋል፣ ሴኔቱም ከለከለ። ያኔ ከሳልቪኒ ጋር መንግሥት የነበረው አምስት ኮከብ ፓርቲ እንኳን አባሎቹን በኢንተርኔት ድምጽ አሰጥቶ ነው የወሰነው፤ እኔ የሰውን ነጻነት በክሊክ መወሰን እስካሁን ይገርመኛል። ካሳው ግን የፍትሐ ብሔር ነው። ሰበሩ ያለው፣ ፖለቲካዊ ውሳኔ ነው ብሎ ከፍርድ ቤት ማምለጥ አይቻልም ነው።

ጀማሪ፦ ስንት ነው ካሳው?

የሕግ ተማሪዋ፦ ሰበሩ መጠኑን እንዲወስን መዝገቡን ወደ ሮማ ይግባኝ ፍርድ ቤት መለሰው።

ሚላኖ ታክሲ፦ እሺ ሕጉን ተዉት። ዋናውን ነገር ማንም አልነካም። ትልቅ መርከብ ባሕሩ ላይ ካለ ደላላው ያውቃል። ነዳጅ ቀንሶ፣ የተቀዳደደ ጎማ ጀልባ ላይ ጭኖ፣ «እነሱ ያነሷችኋል» ብሎ ይልካል። በጣሊያን ባሕር ኃይል የነፍስ አድን ዘመቻ፣ በማሬ ኖስትሩም ጊዜ፣ በ2014፣ ወደ ጣሊያን 170,000 ሰው ገባ። ይህን ማን ይክዳል?

የሙኒኩ ልጅ፦ እኔ እክዳለሁ። ቁጥሩን ግማሽ አድርገህ ነው ያመጣኸው። ማሬ ኖስትሩም በ2014 ኦክቶበር መጨረሻ ቆመ። በ2015 ግን 154,000 ገባ። በ2016 ደግሞ 181,000። መርከቦቹ ሲሄዱ ሰው ካልቀረ ሰውን የሚጠራው መርከቡ አይደለም ማለት ነው። እኔ በ2016 ነው ያለፍኩት። ሊቢያ፣ ደላሎቹ ሰው የሚያጉሩበት ግቢ፣ መዝራ ውስጥ ተዘግተን ስለ የትኛው መርከብ ነው የምናውቀው? ሌሊት ቀስቅሰው «ተነሱ» ይሉሃል፣ ባሕሩን የምታየው እግርህ ውሃ ውስጥ ሲገባ ነው። የነዳጁ ነገር እውነት ነው፣ ያሳንሳሉ። ግን ያኔ እምቢ ብትል የሚመታህ ዱላ ነው፣ ወደ ኋላ የሚመልስህ የለም።

ሚላኖ ታክሲ፦ በ2018ስ? 23,000 ብቻ። መዝጋት ሠርቷል በለኛ!

የሙኒኩ ልጅ፦ የቀሩት የት ሄዱ? በ2017 ጣሊያን ከሊቢያ ጋር ተፈራረመች፣ ለሊቢያ ጠረፍ ጠባቂዎች ጀልባ ሰጠች፣ እነሱም ሰውን ከባሕር እየለቀሙ ወደ መጣበት መለሱት። በኒ ዋሊድ የሚለውን፣ ደላሎች ሰው አግተው ገንዘብ የሚጠይቁበትን የሊቢያ ከተማ ስም እዚህ ግሩፕ ውስጥ የማያውቅ አለ? አዲስ አበባና አስመራ ያለች እናት ስልክ ተደውሎላት የልጇን ጩኸት የምትሰማው ከዚያ ነው። ቤት ተሽጦ፣ ቤተ ክርስቲያን ተለምኖ ነው ገንዘቡ የሚላከው። አንተ የምትለው 23,000 ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው።

ነርሷ፦ 🙏

ጋሽ ባሕረኛ፦ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ አንድ ነገር ልጨምር። በፌብሩዋሪ 2023 ደቡብ ጣሊያን፣ ኩትሮ ላይ የሆነውን አስታውሱ። ጀልባዋ ከቱርክ ነበር የመጣችው። ጉዳዩ «የፖሊስ ሥራ» ተብሎ ስለተያዘ ቀድመው የወጡት የጓርዲያ ዲ ፊናንዛ ጀልባዎች ናቸው፣ የጉምሩክና የገንዘብ ፖሊስ የሚባሉት። ማዕበሉ ሲበረታባቸው ተመለሱ። ማዕበል የሚችሉት የጠረፍ ጠባቂው ጀልባዎች ግን በጊዜ አልወጡም። ቢያንስ 94 ሰው ሞተ፣ ብዙው አፍጋን፣ ሕጻናትም ነበሩበት። ሳይገለበጥ ስታየው ስደተኛ፣ ሲገለበጥ ተጎጂ፤ በየቱ ስም እንደጠራኸው ነው የምትልከው ጀልባ የሚለየው። እኛ ባሕር ኃይል ሳለን ሰው ከመጠን በላይ የጫነ ጀልባ ካየህ አደጋ ላይ ነው ብለህ ነበር የምትነሳው፣ እስኪሰምጥ አትጠብቅም።

የካታኒያው፦ ላምፔዱዛም ያው ነው። ኦክቶበር 3፣ 2013፣ 368 ሰው ሞተ፣ ከደሴቷ አፍንጫ ሥር። አብዛኛው የእኛው ሰው፣ ኤርትራዊ። ዲቾቲ ሥራ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው «ለምን ትልቅ መርከብ» ሲለኝ እሱን ነው የማስበው።

ሚላኖ ታክሲ፦ እኔም ልቅሶ የደረስኩባቸው አሉ፣ አታስለቅሱኝ። ግን አንድ እውነት ልንገራችሁ። የዲቾቲ ሰዎች ሲወርዱ የጣሊያን ቤተ ክርስቲያን ወደ መቶ ሰው ተቀበለች፣ አልባኒያና አየርላንድም እንወስዳለን አሉ። ሮማ አጠገብ፣ ሮካ ዲ ፓፓ አልጋ ተሰጣቸው። በቀናት ውስጥ ብዙዎቹ ጥለው ጠፉ። ያ ሁሉ ሰልፍ ለዚህ ነበር?

የሙኒኩ ልጅ፦ ወንድም ያለህ ጀርመን ከሆነ ሮማ አጠገብ ተራራ ላይ ምን ትሠራለህ? ታሳሪ ስላልነበሩ ሄዱ። መጀመሪያም ጥያቄው ይኸው ነው እኮ።

ሚላኖ ታክሲ፦ እሱን አልከራከርም፣ እኔም ደቡብ ጣሊያን ካለችው ከባሪ አምልጬ ነው ሚላኖ የገባሁት 😂 ግን ካሳው ከታክሴ ነው፣ ከዚያ አልወርድም። ትዕዛዙን የሰጠው ሰው ከኪሱ ይክፈል።

የሕግ ተማሪዋ፦ መርከቧ የመንግሥት ናት፣ የሚከፍለውም መንግሥት ነው። ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኮንቴም የሁላችንም ውሳኔ ነው ብሎ ኃላፊነቱን ተጋርቷል።

አወያይ፦ ሚላኖ ታክሲ፣ ብዙ ጻፍክ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ግን አልመለስክም። ሥራቸው ማዳን ነው ወይስ መዝጋት?

ሚላኖ ታክሲ፦ ማዳን። ማልታ ላይ ታውርዳቸው።