የሄደችው ጓደኛችን ኩባያ ትቀመጥ ወይስ ሌላ ሰው ይጠጣባት?

ቅዳሜ ከሰዓት፦

ሰላም ቤቶች፣ ጥያቄዬ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሀሳቤ አልወጣ ስላለ ልጠይቃችሁ ብዬ ነው።

አራት ጓደኛሞች ነን፣ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አልተለያየንም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ቤት ነው ምንሰበሰበው ምክንያቱም ብቻዬን ምኖረው እኔ ነኝ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ በረንዳዬ ደሞ ከሰዓት ጥላ አላት። ቡናውን በጀበና አፍልተን በስኒ እንጠጣለን፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ከዛ ሻይ ይጣዳል እና የልብ ወሬ ሚጀምረው ያኔ ነው፣ ስራ ቦታ ምን ገጠመሽ፣ እናትሽ እንዴት ሰነበቱ፣ ያ ልጅ ደወለ ወይ። ለሻዩ እያንዳንዳችን የራሳችን ኩባያ አለን፣ ተነጋግረን ያረግነው አይደለም በጊዜ ብዛት እንዲሁ ሆነ። የኔ ቀጨኔ ከሸክላ ሰሪዎቹ እናቶች የገዛኋት ጥቁር የሸክላ ኩባያ ናት። የአንዷ ምናለሽ ተራ ያገኘቻት ነጭ ቆርቆሮ ናት፣ ጠርዟ ሰማያዊ፣ ድሮ አያቶቻችን ቤት የነበረችው አይነት፣ ትኩስ ሲቀዳባት ከንፈር ታቃጥላለች ግን በሌላ አልጠጣም ትላለች። ሶስተኛዋ በብርጭቆ ብቻ ነው፣ የሻዩን ቀለም ካላየሁ አይጥመኝም ባይ ናት። አራተኛዋ ቢጫ ኩባያ አላት፣ ወፍራም፣ ትልቅ፣ ሁለት እጅ ምትሞላ።

አራተኛዋ ከአራት ወር በፊት ዲቪ ደርሷት ቨርጂኒያ ገባች። ቢጫዋ መደርደሪያ ላይ ቀረች።

ከሁለት ሳምንት በፊት የቢሮ ባልደረባዬን ይዣት መጣሁ፣ ከጅማ ተዛውራ የመጣች ልጅ ናት፣ አዲሳባ ዘመድ የላትም፣ ቅዳሜና እሁድ ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን እንደምታሳልፍ ስትነግረኝ አንጀቴን በላችው። ሻይ ሲደርስ ልርዳሽ ብላ ተነስታ መደርደሪያውን ከፍታ ቢጫዋን አወጣች። ሶስታችንም ዝም አልን። ማናችንም ምንም አላልንም ግን ልጅቷ ገባት፣ ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠቻትና ሌላ አነሳች። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ እንግዳ ጠርቼ አሳፈርኩ። ግን ደሞ ቢጫዋን ስታነሳት ውስጤ ደንገጥ እንዳለ አልክድም።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታረጋላችሁ? ጠቅልዬ ላስቀምጣት? ወይስ ልጅቷ ትጠጣባት? ሌላው ደሞ ጆሮዋ ስሩ ላይ ስንጥቅ አይቻለሁ፣ መቼ እንደተሰነጠቀ አላውቅም፣ በሱፐር ግሉ ቢለጠፍ ይይዛል ወይ?

ጦሳ ስር፦

እህቴ እኔ ያደኩት ደሴ ነው፣ እናቴ ረከቦት ላይ ሁሌ ከቤቱ ሰው ቁጥር አንድ ሁለት ስኒ አስበልጣ ነበር ምትደረድረው። ማን ሊመጣ ነው ስንላት "ሚመጣው ይመጣል" ነው መልሷ። እውነትም ሰው ሳይመጣ የቀረበትን ቀን አላስታውስም፣ ቡና ሲቆላ ሽታው አጥር ተሻግሮ ነው ሚሄደው፣ ካልሆነም ታናሽ ወንድሜ በር ላይ ወጥቶ ቡና ጠጡ ብሎ ይጣራል። በኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ጀበና ዙሪያ ነበር ሚቀመጠው፣ በረካው ላይ በእድሜ ትልቁ ይመርቃሉ አሜን ይባላል፣ ሳይመረቅ ተነስቶ መሄድ ነውር ነው። ይሄ ስኒ የኔ ነው ያ ያንተ ነው ሚባል ነገር ግን ሰምቼ አላውቅም፣ ስኒ የመጣው ሰው ነው።

ስለዚህ ለኔ ልጅቷ ትጠጣባት። ከቡና አገር መጥታ ቡና ሚያጠጣት አጥታ ስትከርም ያገኘቻት አንቺን ነው። ባዶ ኩባያ ቁምሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ ለጓደኛሽም ምንም አይጨምርላትም።

የሸክላ ነገር፦

እኔ የጆሮውን ልመልስልሽ ምክንያቱም ቀላል ነገር አይደለም። ስሩ ላይ የተሰነጠቀ ጆሮ አንድ ቀን የፈላ ሻይ እንደያዘ ነው ሚለቀው፣ እሱ ደሞ ጭን ላይ ነው ሚፈሰው። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ጠንካራ ይመስላል ግን ሙቀትና ውሃ ሲደጋገምበት ይላላል፣ ስለዚህ ትኩስ ለሚጠጣበት እቃ አትመኚው። ጃፓኖች የተሰበረ ሸክላ ከዛፍ በሚገኝ ላከር አጣብቀው ስንጥቁ ላይ የወርቅ ዱቄት ያረጉበታል፣ ኪንትሱጊ ነው ሚሉት፣ የተሰበረበትን አይደብቁትም እንደውም ያሳዩታል፣ በጣም ነው ምወደው፣ ግን ላከሩ እስኪጠነክር ሳምንታት ይፈጃል ትግስት ይጠይቃል።

መጀመሪያ ገላዋን ፈትሺ። ገበያ ላይ ጀበና ስንገዛ በጣት አንኳኩተን እንደምናዳምጠው ማለት ነው፣ ባዶዋን መዳፍሽ ላይ አርገሽ በማንኪያ ጠርዟን ነካ አርጊያት፣ ጥርት ያለ ድምፅ ካወጣች ስንጥቁ ወደ ገላዋ አልገባም፣ ድፍን ያለ ድምፅ ከሆነ ገብቷል እና ከዛ በኋላ ጤና አዳም ወይ በሶብላ ትከይባትና በረንዳ ላይ አርጊያት። ጥርት ካለች በጆሮዋ አታንሷት እንጂ ትጠጣባታላችሁ። ሻይ ከመቅዳትሽ በፊት ለብ ባለ ውሃ አለቅልቂያት፣ ቀዝቃዛ ሸክላ ላይ ድንገት የፈላ ነገር ሲፈስ ነው ስንጥቅ ሚሰፋው፣ ደሞ ወፍራም ኩባያ ቀድሞ ካልሞቀ የሻዩን ሙቀት ራሱ ይወስደዋል። ውስጧ ከጠቆረ ቤኪንግ ሶዳ በእርጥብ ጨርቅ ይበቃል፣ በሽቦ አትፈትጊያት።

ካዛንቺስ ነበርኩ፦

ይሄን ሳነብ የኛ ግቢ ትዝ አለኝ። ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ ሰባት ቤት ነበርን፣ የግቢው ቡና ሚፈላው አንድ እናት ቤት ነው፣ ሁላችንም እማማ ነው ምንላቸው። ስኒዎቻቸው ነጭ ሆነው ትንሽ ቀይ አበባ ያለባቸው ናቸው፣ ስድስት፣ አንዷ ጠርዟ ሽርፍ ያለች፣ እሷ ሁሌ የራሳቸው ነበረች፣ ለሰው በሽራፊ አይሰጡም። እኔ ልጅ ሆኜ ቡና ባይፈቀድልኝም ፈንዲሻውን ይዤ እግራቸው ስር ነበር ምቀመጠው፣ ያን ግቢ ሚያውቀው ሰው ያውቀዋል፣ ማን ታመመ ማን ተመረቀ ማን ስራ ፈታ ሁሉም እዛ ነው ሚሰማው፣ ችግር ያለበት ሰው ቡናው ሳያልቅ መፍትሄ ተገኝቶለት ነበር ሚነሳው።

2017 ላይ ሰፈሩ ሲነሳ ለኛ ገላን ጉራ ደረሰን፣ ሌላው ሌላ ጋ ሄደ፣ ልጁ ጋ የተጠጋም አለ። የመጨረሻው ቀን እቃ ተጭኖ ግማሹ ቤት በር የለውም ቆርቆሮው ተነቅሏል፣ እማማ ረከቦቱን ግቢው መሀል አውጥተው ከሰል አያያዙ። እኛ ብሎኬት ላይ ተቀመጥን። እንደወትሮው ቆልተው አሽትተውን፣ እጣን ጣል አርገው፣ ሶስቱንም አጠጡን፣ መረቁን። ከዛ ስኒዎቹን አጥበው በነጠላቸው ጫፍ እያደረቁ ለስድስቱ ቤት አንድ አንድ ሰጡ። ለራሳቸው አላስቀሩም። አባቴ "እርስዎስ?" ሲላቸው "ቤታችሁ ስመጣ በዛች ትቀዱልኛላችሁ" አሉት።

ሽራፊዋ ለኛ ነው የደረሰችው። ቤታችን በሷ ማንም አይጠጣም፣ እማማ በዓመት ሁለቴ ሶስቴ ታክሲ ቀያይረው ይመጣሉ ያኔ ትወጣለች፣ እሳቸው ሲሄዱ ታጥባ ትገባለች። ስለዚህ ጦሳ ስር ይቅርታ አርግልኝና በዚህ አልስማማም፣ አንዳንድ እቃ አደራ ነው። ልጅቷን ደሞ ያለ ኩባያ አታስቀሪያት፣ ቀጨኔ ውሰጃትና ራሷ ትምረጥ፣ መደርደሪያው ላይ ቢጫዋ ጎን የራሷ ትኑራት።

ዴይራ፦

ዱባይ ነኝ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሴቶች ነን፣ ቤድ ስፔስ ሚሉት። ኩባያዎቻችን ከአንድ ሱቅ የተገዙ አንድ አይነት ስለሆኑ ስራቸው ላይ በኩቴክስ ነጥብ አርገንባቸዋል የኔ ቀይ ናት። የስራ ሰዓታችን ስለማይገጥም አንዷ ስትገባ አንዷ ትወጣለች፣ ስድስታችን አንድ ላይ ቡና የጠጣንባቸውን ቀናት በጣት ነው ምቆጥራቸው፣ ግን ከስራ ገብቼ ኩባያዎቹ ተገልብጠው ሳያቸው ማን እንዳለች ማን እንደወጣች አውቃለሁ፣ ደስ ይለኛል።

አንዷ ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ ስትገባ ኩባያዋ ቀረች፣ አረንጓዴ ነጥብ ነበረች። አልጋዋን የያዘችው ልጅ ኩባያዋንም ያዘች ግን አረንጓዴውን አላጠፋችውም፣ ጎኑ ላይ የራሷን ወይንጠጅ ጨመረችበት። አሁን ሁለት ነጥብ አላት። እኛ ሳንነግራት ራሷ ናት ያሰበችው።

አሌክሳንድሪያ፦

እኔ ከሄደችዋ ወገን ነኝ፣ ቨርጂኒያ ስድስት ዓመቴ ነው። እዚህ ስኒ ሞልቷል፣ ሀበሻ ሱቅ ገብተሽ ጀበናም ረከቦትም እጣንም ይዘሽ ትወጫለሽ፣ ሚጠፋው አብሮ ሚቀመጥ ሰው ነው። መጀመሪያ ሰሞን አፓርታማዬ ውስጥ ቡና ስቆላ የጭስ አላርሙ ጮኸና ሰው ሁሉ ወጣ፣ ከዛ ወዲህ የተቆላ ነው ምገዛው። አንድ ጓደኛ አለችኝ አስር ደቂቃ ርቀት ላይ፣ እኔ ሌሊት ሰርቼ ስገባ እሷ ትወጣለች፣ ለአንድ ቡና ሶስት ሳምንት ቀድመን ነው ምንቀጣጠረው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ስለሷ እቃ ሶስታችሁ እየተጨነቃችሁ ነው እኛም እዚህ እየተከራከርን ነው፣ እሷን የጠየቃት የለም። በናትሽ ደውይላት። እዛ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን እዚህ አሁን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፣ ልክ ቡና ላይ ስትሆኑ ማለት ነው። አራት ወር ላይ ነው በጣም ሚከፋው፣ የመጀመሪያው ግርግር ያልፍና ዝምታው ሚመጣው ያኔ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ አንድ በአንድ ነው ያነበብኳችሁ፣ ለጓደኞቼም አነበብኩላቸው፣ እማማን ደሞ ሲመጡ ሰላም በይልን።

ዛሬ ደወልንላት። ልጅቷንም ጠርቻት ነበር፣ ቀድሜ ብቻዋን ይቅርታ ጠየኳት፣ እሷ ግን ቡና ይዛ ነው የመጣችው፣ እናቷ ከጅማ የላኩላት፣ እና ራሷ ቆላችልን። ስልኩን ስኳር እቃው ላይ አስደገፍነው። ጓደኛችን ከሌሊት ስራ ገና መግባቷ ነው፣ አይኗ ቀልቷል፣ ካፖርቷን እንኳን አላወለቀችም። ቢጫዋን አንስቼ ላሳያት ስል "ኧረ በጆሮዋ አታንሺያት!" ብላ ጮኸች። ለካ ከመሄዷ በፊት በነበረው ቅዳሜ ስታጥባት እጇ ላይ ወድቃባት ነው የተሰነጠቀችው፣ ልትነግረኝ አስባ በዛ ቀን ሌላ ለቅሶ አልፈልግም ብላ መደርደሪያው ላይ ወደ ግድግዳው አዙራ አስቀመጠቻት። አራት ወር ሙሉ ሲከነክናት ነበር።

የማንኪያውን ነገር ስልኩ ፊት ለፊት ሞከርነው፣ ጥርት አለች፣ እዛ ድረስ ተሰማት። ከዛ እኛን ትታ ልጅቷን ጠርታ፣ ሁለቱ ተያይተው አያውቁም፣ እንዴት እንደምትያዝ አሳየቻት፣ መዳፍሽን ከስር አርጊው፣ እስከ አፏ አትሙያት፣ ሁለተኛውን ስትቀጂ ትንሽ ጠብቂ እያለች። ልጅቷ በሁለት እጇ ይዛ ጠጣችባት። ጓደኛችን እዛ ማዶ ካፖርቷን አውልቃ ሻይ ጣደች፣ እስከ 12 ሰዓት ድረስ ስልኩ አልተዘጋም።

ዴይራ እህቴ፣ ሁለት ነጥብ ልናረግባት ወስነናል። ኩቴክሱ ሲታጠብ አይለቅም ወይ?

ዴይራ፦

ይለቃል። በየወሩ እንደገና እንቀባዋለን፣ የሁለቱንም።