አስቸኳይ፦ ኤንፒኤምን ትቼ ወደ ያርን ወይስ ወደ ፒኤንፒኤም ልዛወር?

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን
ለአንድ የመንዝ ምንጣፍ ነጋዴ የሠራሁትን የሽያጭ ድረ ገጽ ነገ ጠዋት ማሳየት አለብኝ፤ ነገር ግን ከቀትር በኋላ ጀምሮ ተርሚናሉ «ኢኖስፒሲ፣ ቦታ የለም» እያለ ፕሮጀክቱ አልነሣ ብሎኛል። በኤንፒኤም (እንደ ያርንና ፒኤንፒኤም ሁሉ ፓኬጅ ማኔጀር፣ ማለትም ለጃቫስክሪፕት ፕሮጀክት ዝግጁ የኮድ ጥቅሎችን ወይም ፓኬጆችን የሚጭን መሣሪያ) የተጫኑ ስድስት ፕሮጀክቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ኖድ ሞጁልስ (ፓኬጆቹ የሚቀመጡበትን ፎልደር) ይዘው ዲስኩን ሞልተውታል። ከያርንና ከፒኤንፒኤም የቱ ይሻለኛል? የቀረኝ ዳታ 2 ጊጋባይት ስለማይሞላ ሁለቱንም መሞከር አልችልም።

ከደብረ ሲና
ኖድ ሞጁልስን አጥፍተው እንደገና ኢንስቶል ያድርጉ።

ከአንኮበር
ከመምረጥ በፊት የመሣሪያዎቹን አመጣጥ ማወቅ ይገባል። ፌስቡክ በ2016 ያርንን ያወጣው የዚያን ጊዜው ኤንፒኤም ስለሚዘገይና በየኮምፒውተሩ የተለያየ ቨርዥን ስለሚጭን ነበር፤ ኤንፒኤም በ2017 በአምስተኛው ቨርዥኑ የራሱን ሎክ ፋይል (የየፓኬጁን ቨርዥን መዝግቦ የሚይዝ ፋይል) ካመጣ ወዲህ ግን ልዩነቱ በእጅጉ ጠቧል። ዲስክ ለመቆጠብ ዋናው ፒኤንፒኤም ነው፤ አንዱን ፓኬጅ በአንድ ማከማቻ ብቻ አስቀምጦ ለየፕሮጀክቱ በሃርድ ሊንክ (ፋይሉን ሳይገለብጥ በሌላ ቦታም በሚያሳይ ማያያዣ) ያገናኘዋል፣ ማከማቻውና ፕሮጀክቱ በተለያየ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ላይ ከሆኑ ግን መገልበጡ አይቀርም። በተጨማሪም ኮዱ በፓኬጅ ዝርዝሩ ያልተጻፈ ፓኬጅ ሲጠራ ኤንፒኤም ብዙ ጊዜ በዝምታ ያልፈዋል፤ ፒኤንፒኤም ግን አያልፈውም።

ከሸዋ ሮቢት
እኛ በዚህ ሙቀት ላፕቶፓችንን እያራገብን ነው የምንሠራው፤ እናንተ ስድስት ፕሮጀክት በአንድ ጊዜ የምታስነሡት እጃችሁን ልትሞቁበት ይሆናል።

ከመሐል ሜዳ
እኔ ዲስኩ መሙላቱን ራሱን እጠራጠራለሁ። ነጻ ቦታን በሚያሳየው በዲኤፍ ትዕዛዝ አይተውታል? መልእክቱ የሚመጣው ኢንስቶል ሲያደርጉ ነው ወይስ ስታርት ሲሉ? መጨረሻው ላይስ «ዎች» (መከታተል) የሚል ቃል አለ?

ጠያቂ
ዲኤፍ 61 ጊጋባይት ነጻ ነው ይላል። መልእክቱ የሚመጣው ስታርት ስል ነው፤ «ዎች» የሚለውም አለ፣ ትርጉም ያለው ስላልመሰለኝ ሳልጽፈው ቀረሁ። የምሠራው በኡቡንቱ ሊኑክስ ነው። ሆኖም በደብረ ሲናው ምክር ኖድ ሞጁልስን አጥፍቼዋለሁ።

ከደብረ ሲና
መልካም አድርገዋል። አሁን ደግሞ የኤንፒኤምን ካሽ (ቀድሞ ያወረዳቸውን ፓኬጆች ማከማቻ) ያጽዱና እንደገና ኢንስቶል ያድርጉ።

ከመሐል ሜዳ
ካሹን በፍጹም እንዳይነኩት! ዳታዎን የሚያድንልዎ እርሱ ነው። የሞላው ዲስኩ ሳይሆን ሊኑክስ የፋይል ለውጥ እንዲከታተሉ ለአንድ ተጠቃሚ ፕሮግራሞች የሚፈቅደው የኢኖቲፋይ ቁጥር ነው፤ በቆዩት ከርነሎች (የሊኑክስ እምብርት) 8192 ብቻ ስለሆነ ኤዲተሩና ሰርቨሩ ተጋግዘው ይጨርሱታል፣ ከርነሉም ለዚህም ለዲስክ መሙላትም ያንኑ «ኢኖስፒሲ» የሚል የስሕተት ስም ይመልሳል። ለዛሬ ሌሎቹን አምስት ፕሮጀክቶች ከኤዲተሩ ይዝጉ፤ ለዘለቄታው የከርነሉን ቅንብር በሚቀይረው በሲስሲቲኤል ትዕዛዝ «ማክስ ዩዘር ዎችስ» የሚለውን ወደ 524288 ያሳድጉ። ያጠፉትን ለመመለስ ኢንስቶል ሳይሆን «ኤንፒኤም ሲአይ» ብለው «ፕሪፈር ኦፍላይን» የሚለውን አማራጭ ይጨምሩ፤ ሎክ ፋይሉ ላይ ያለውን ቨርዥን ይከተላል፣ ከካሹ ያጣውን ብቻ ከኢንተርኔት ያወርዳል። ከማሳያው ዋዜማ ፓኬጅ ማኔጀር አይቀየርም። ከነገ በኋላ ከፈለጉ ወደ ፒኤንፒኤም ይሂዱ፤ «ኢምፖርት» የሚለው ትዕዛዙ የኤንፒኤምን ሎክ ፋይል አንብቦ ቨርዥኖቹን እንዳሉ ይወስድልዎታል።

ከአንኮበር
ያርንም ቢሆን ቁጥሩን አያሳድገውም ነበር። ይህን ከላይ መጥቀስ ነበረብኝ።

ከሸዋ ሮቢት
እንዴት ሆነ? ምንጣፉ ታየ?

ከአለም ከተማ
ይህ ሲስሲቲኤል የተባለው ነገር በዊንዶውስ የት ነው የሚገኘው? እኔም ኖድ ሞጁልስን አጥፍቻለሁ።